ክፉ ሐሳብ ሲደጋገምባችሁ ከየትኛው ስሜት እንደመጣ ትለያላችሁ? (ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ)

ማለዳ ተጓዥ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ማታ ያንኑ ዳገት ወጥቼ እመለሳለሁ። መንገዱ አጭር ነው። ጭንቅላቴ ግን እዚያች መንገድ ላይ የማይደርስበት የለም።

ሐሳቦቹ ያው ናቸው። «አትበቂም።» «ዛሬ አንድ ጉድለት ይገኝብሻል።» «እኩዮችሽ ቤት ሠሩ፣ አንቺ ገና ኪራይ ላይ ነሽ።» ማታ ደግሞ ቀን የተባልኩትን እያንዳንዱን ቃል ሳነሳ ስጥል አመሻለሁ። አለቃዬ «ይሄን ድጋሚ እይው» ያለኝ ነገር ቤት እስክደርስ «ሊያሰናብተኝ ነው» ሆኖ ይቆየኛል።

ለሰው ስናገር መልሱ አንድ ነው፤ «አታስቢ»። እንዴት ነው የማይታሰበው? አታስቢ ስባል እንዲያውም ይብስብኛል።

ሰሞኑን ሐሳቡን ከመታገል በፊት ስሜትን ማወቅ ይረዳል የሚል ነገር አነበብኩ። ነገሩ ገባኝ፤ አሠራሩ ግን አልገባኝም። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው መሃል፣ ሬዲዮው እየጮኸ፣ ስሜትን ማወቅ ማለት ምን ማድረግ ነው? ጥቅስ ሳይሆን እናንተ የምታደርጉትን ንገሩኝ።


ቧንቧ ውሃ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የሚያውቁት እስኪመጡ አንድ ነገር ልበል። ማታ ስልክሽን ከአልጋ አርቂው። የሰው ቤት፣ የሰው ሰርግ፣ የሰው መኪና እያዩ መተኛት ያንን «እኩዮችሽ የት ደረሱ» የሚለውን ሐሳብ ይቀሰቅሰዋል። እኔም ክሩን እከታተላለሁ።


ሲስተር ጦሳ፦

እህቴ፣ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው የአእምሮ ጤና ላይ ነው። ጥያቄሽ ጥሩ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

«አታስቢ» የማይሠራበት ምክንያት ተጠንቷል። ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 ባወጣው ጥናት ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» አላቸው። ድቡ በሐሳባቸው ባለፈ ቁጥር ደወል እንዲመቱ ነገራቸው። ድቡ እየተመላለሰ መጣ። በኋላ «አሁን እንደልባችሁ አስቡ» ሲባሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ሰዎች የበለጠ አሰቡት። ሐሳብን ገፍቶ ለማባረር መሞከር ያንኑ ሐሳብ ይጠራዋል። ስለዚህ «ማቆም አቃተኝ» ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። የድክመት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ከስሜት መጀመር ለምን ያስፈልጋል? አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ አንድ ነገር አስተዋለ። ሰው ሳያስብበት በራሱ ጊዜ ብልጭ የሚል አጭር ሐሳብ አለ። እኛ ሙያው ውስጥ «አውቶማቲክ ሐሳብ» እንለዋለን። በጣም ፈጣን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን አናየውም። ስሜታችን ሲለወጥ ግን እናውቃለን። ደህና የነበረች ሴት በአንድ ጊዜ ሆዷ ባር ባር ይላታል። በዚያ ቅጽበት «አሁን በሐሳቤ ምን አለፈ?» ብላ ከጠየቀች ሐሳቡን ትይዘዋለች። ሐሳቡን ለማግኘት መነሻው የስሜቱ መለወጥ ነው።

ስሜትን በስሙ መጥራት ራሱም ያበርደዋል። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የአንጎል ምስል የሚያነሳ ማሽን ውስጥ ተኝተው የተቆጣና የፈራ ፊት አዩ። ፊቱ ላይ ያለውን ስሜት የሚገልጸውን ቃል ሲመርጡ፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ለአደጋ ፈጥኖ የሚነሳው የአንጎል ክፍል ቀዝቀዝ አለ። በግንባር በኩል ያለው፣ ስሜትን በመቆጣጠር ድርሻ ያለው ክፍል ደግሞ ሥራው ጨመረ።

ሚኒባስ ውስጥ እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ሰውነትሽን እይው። ትከሻሽ ተወጥሯል? ጥርስሽን ነክሰሻል? ሆድሽን ጨብጦሻል? አንድ ሁለቴ ረጋ ብለሽ ተንፍሺ፤ አየሩን ስታወጪ ረዘም አድርጊው። ከዚያ ስሙን ፈልጊለት። «ደብሮኛል» ብለሽ አትለፊው። ፍርሃት ነው? እፍረት ነው? ቅናት? ቁጭት? ብቸኝነት? ድካም? እየለየሽ ስትሄጂ የሚያስፈልግሽም ይለያል። የፈራ ሰው ማረጋገጫ ይፈልጋል። ያፈረ ሰው የሚያምነው ሰው ጆሮ ይፈልጋል። የደከመ ሰው እንቅልፍ ነው የሚያሻው፤ ምክር ብትሰጪው አይገባለትም።

ሐሳቡን መጨረሻ ላይ አምጪው። «አልበቃም» አትበይ። «አልበቃም የሚል ሐሳብ መጣብኝ» በይ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ከሐሳቡ አንድ እርምጃ ያስወጣሻል። ይሄን ሁሉ ዓይንሽ መስኮት ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳያውቅብሽ መሥራት ትችያለሽ።


የአራዳው አባት፦

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። ዕድሜዬ የገፋ ሰው ነኝ፤ ያልተስማማኝን በቅንነት ልናገር።

እኛ ስናድግ ሰው ሲከፋው ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። አቦል ላይ የአገር ወሬ ነው። ቶና ላይ የልብ ይወጣል። በረካ ላይ ይመረቃል፣ ዱዓ ይደረጋል። ወሎ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ረከቦት ዙሪያ ነው የሚቀመጠው። ሰው ብቻውን ሆኖ ስሜቱን ሲቆጥር ከዋለ ራሱን ያሳምማል ብዬ እሰጋለሁ። ስሜት ደግሞ ይዋሻል። ሌሊት የሚያስለቅሰን ስንቱ ነገር ነው ሲነጋ ምንም ያልነበረ!


ሲስተር ጦሳ፦

አባቴ፣ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። ቶና ላይ «ከፋኝ፣ እንዲህ ሆኜ ነው የሰነበትኩት» ያለ ሰው ስሜቱን ሰይሟል፤ እኔ ከምለው የተለየ አይደለም። የምፈራው ዛሬ ብዙዎቻችን ቡናው ላይ ተቀምጠን «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ብቻ ብለን መነሳታችንን ነው። ምስጋናው ይሁን። ግን የልብ ሳይወጣ በረካ ይደርሳል። ለጎረቤት የሚነገረውን ለማወቅ እንኳ መጀመሪያ ለራስ መታወቅ አለበት።

ስሜት ይዋሻል ላሉት ደግሞ እንዲህ ብለይስ? መፍራቴ እውነት ነው፤ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ፍርሃቱ የሚነግረኝ ወሬ ግን ገና አልተጣራም። «ፈርቻለሁ» የሚለውን ተቀብዬ «ሊያባርሩኝ ነው» የሚለውን እመረምራለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካመንኩ ስሜቱ ይነዳኛል። ሁለቱንም ከካድኩ ደግሞ ፍርሃቱ ሌሊት ይመለሳል።


የአራዳው አባት፦

ይሄስ ገባኝ ልጄ። ተባረኪ።


መርፌና ክር፦

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ። እኛ ጋ ቁጭ ተብሎ አይታሰብም። መስመሩ ይሄዳል፣ ታርጌት አለ። ሱፐርቫይዘር ሲጮህ እጄ መስፋቱን ይቀጥላል፤ ውስጤ ግን «አንቺ ለምንም አትሆኚም» ይለኛል።

እኔን የረዳኝ ሐሳቡ የሚመጣበትን ሰዓት ማወቅ ነው። ሳስተውለው ብዙ ጊዜ ከምሳ በፊት ወይም ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ነው። ቁርስ ሳልበላ በገባሁበት ቀን ሰው ሁሉ የጠላኝ ይመስለኛል። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል እንዲሁ ነው፤ በትንሹ እንባዬ ይመጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ራሴን «በልተሻል? ተኝተሻል?» እላታለሁ። መልሱ «አይ» ከሆነ ያን ቀን ስለ ሕይወቴ ምንም አልወስንም። ለማንም የቁጣ መልእክት አልልክም።

በልቼ፣ ተኝቼም ከመጣ ደግሞ በልቤ በስሜ ነው ራሴን የማናግራት። «እገሊት፣ ተናደሻል። በሰው ፊት ስለተጮኸብሽ ነው። ማንም ቢሆን ይናደዳል።» ይቺን ስላት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ይወርድልኛል። ለጓደኛዬ የምላትን ለራሴ ማለት መሆኑ ነው። ለጓደኛዬ «ለምንም አትሆኚም» ብዬ አላውቅም።


የግቢ ልጅ፦

እዚሁ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ነኝ። እኔ ላይ ግን ተቃራኒው ነው የሆነው። ስሜቴን ልወቅ ብዬ ስቀመጥ እዚያው እሰምጣለሁ። «ለምን ከፋኝ? ለምን ሁልጊዜ እኔ? ከልጅነቴ ጀምሮ ለምንድን ነው እንዲህ የሆንኩት?» እያልኩ ማታው ያልቃል። ፈተና ደርሷል፣ ያነበብኩት የለም። የዶርም ልጆች ሲያጠኑ ሳይ ደግሞ ይብሳል። ሲስተር፣ ይሄ ስሜትን ማወቅ የሚሉት ነገር ራሱ አይጎዳም?


ሲስተር ጦሳ፦

ወንድሜ፣ ትልቁን ነገር አነሳህ። አንተ የገለጽከው ስሜትን ማወቅ ሳይሆን ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማብላላት ነው። ሁለቱ ከሩቅ አንድ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሱዛን ኖለን ሆክሴማ የምትባል ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናችው ይህንኑ ነው። ሲከፋቸው «ለምን ከፋኝ» እያሉ የሚያገላብጡ ሰዎች ድብርቱ ይረዝምባቸዋል፤ ይበረታባቸዋልም።

የመለያ ምልክቱን ልንገርህ። ማብላላት የሚጠይቀው «ለምን» ብሎ ነው፤ ጥያቄውም መጨረሻ የለውም። ከ«ለምን ከፋኝ» ወደ ልጅነትህ ይወስድሃል፣ ከዚያ ወደ አባትህ፣ ከዚያ ወደ ዕድልህ። ስሜትን ማወቅ «ምን» ብሎ ይጠይቃል። ምን ተሰማኝ? ሰውነቴ ላይ የት ጋ ነው? ምን ሆኖ ነው አሁን የመጣ? ምን ያስፈልገኛል? እነዚህ መልስ አላቸው። መልሱ ሲገኝ ትነሳለህ። ከጥቂት ደቂቃ በላይ ከወሰደብህ ወደ ማብላላት ተሻግረሃል ማለት ነው። ያኔ ከአልጋው ውረድ፣ ውጣ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሰው አናግር።

ለምሳሌ የአንተን ልውሰድ። «ምን ተሰማኝ?» ፍርሃት። «ምን ሆኖ?» የዶርም ልጆች ሲያጠኑ አይቼ። «ምን ያስፈልገኛል?» አንድ ምዕራፍ ማንበብ፤ ያልገባኝን የሚያስረዳኝ አንድ ልጅ። አለቀ። ልጅነትህን መመርመር ካስፈለገ ከፈተናው በኋላ፣ ከሚያግዝህ ሰው ጋር ይደረሳል።

መርፌና ክር ያለችውም ጥናት አለው። ኢተን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት፣ ከሚያስጨንቅ ነገር በፊት ራሳቸውን «እኔ» ከማለት በስማቸው ወይም «አንተ» እያሉ ያናገሩ ሰዎች ጭንቀቱን በተሻለ ችለውታል። እህታችን ይህን መስመሩ ላይ ሆና በራሷ አግኝታዋለች። ደስ ብሎኛል።

መጻፍም ሞክር። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢያል በ1986 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ከባድ ገጠመኛቸውን ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ጽፈው እንደጨረሱ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ 6 ወራት ግን ወደ ግቢው ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ያነሰ ጊዜ ነው። የሆነውን ብቻ ወይም የተሰማቸውን ብቻ የጻፉት እንደነሱ አልተጠቀሙም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍ። ፊደል አትልቀም፣ ለማንም አታሳይ። ሰዓት ሞልተህ ጻፍ፤ ሲያልቅ ደብተሩን ዝጋ።


የግቢ ልጅ፦

«ለምን»ን በ«ምን» መቀየር። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አመሰግናለሁ ሲስተር።


የሐረጎ ሹፌር፦

ማለዳ ተጓዥ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው፤ አንዳንድ ጠዋት የማሳፍርሽ እኔ ልሆን እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ጠዋት ሬዲዮውን እቀንሳለሁ።

የኔ ችግር ንዴት ነው። አንዱ ጠምዝዞ ይገባብሃል፣ አንዱ ተሳፋሪ በመልስ ይጨቃጨቃል፣ ረዳቱ በር ላይ ይሳደባል። ያኔ «ሁሉም ሊበላኝ ነው የመጣ» የሚል ሐሳብ ይይዘኛል። በዚህ ሐሳብ መሪ መያዝ አደጋ ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌር ጉሙን አይጣላም። መብራቱን ያበራል፣ ይቀንሳል፣ መስመሩን ይዞ ይወርዳል። ንዴቱንም እንዲሁ ነው የማደርገው። እጄ መሪውን አጥብቆ ሲጨብጥ ምልክቴ እሱ ነው። በልቤ «ተናድጃለሁ» እላለሁ፤ ከዚያ እስኪበርድልኝ ማንንም አልቀድምም። ሕጌ አድርጌዋለሁ። ሃያ ሰው አሳፍሬ በንዴት አልቀድምም።

ሌላው ጫት ነው። ሐሳብ ለማባረር ብለው የሚቅሙ ጓደኞች አሉኝ። ምርቃናው ላይ ዕቅዱ ሁሉ ያምራል። ሲወርድ ግን ያባረሩት ሐሳብ ጓደኛ ይዞ ይመጣል። አትፈርዱባቸው፤ የሚያደርጉት ሌላ መንገድ ስላላገኙ ነው።


ሲስተር ጦሳ፦

ወንድሜ፣ ስለ ጫቱ ያልከው እኛ ጋም በየጊዜው የምናየው ነው። ቅጠሉ ያነቃቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በማግስቱ እንቅልፍ ያጣው አእምሮ ሁሉንም ነገር አጥቁሮ ያያል። ሐሳብ የሚበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚቅምበትን ሰዓትና የሚተኛበትን ሰዓት አብሮ ቢጽፍ ብዙ ነገር ይገለጥለታል።


ማለዳ ተጓዥ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሐረጎ ሹፌር፣ አንተን በተለይ።

ሞከርኩት። ሳስበው ፍርሃት ነበር የሚመስለኝ። ስሙን ስፈልግለት እፍረት ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ «ድጋሚ እይው» ያለኝ ሌሎች ባሉበት ነው። ሆዴን የጨበጠኝ ሥራ ማጣቱ ሳይሆን ያቺ ቅጽበት ናት። ይሄን ካወቅኩ በኋላ «ሊያሰናብተኝ ነው» የሚለው ሐሳብ ጉልበቱ ቀነሰ። ማታ ለእህቴ ነገርኳት። እሷም ሥራ ቦታዋ የደረሰባትን ነገረችኝ፤ እስከዛሬ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ሐሳቡ እውነት ቢሆንስ? ድርጅታችን እውነትም ሰው እየቀነሰ ነው። የቤት ኪራዬ እውነትም ጨምሯል። ይሄንን «ሐሳብ ብቻ ነው» ብዬ ልለፈው?


መርፌና ክር፦

አትለፊው። እኔ «በጎ በጎውን አስቢ» የሚሉ ሰዎች ላይ የምቀየመው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስታስወጣ፣ ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ በሚልከው ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ገዢ ከቀነሰ ሥራ ይቀንሳል። ማንም የሚያውቀው ነው።

እኔ ያን ጊዜ ፍርሃቱን ለሁለት ነው የከፈልኩት። አጎዋን እኔ አልመልሰውም፤ ያንን ተውኩት። እቁብ መግባት ግን እችላለሁ። የራሴን መስፊያ ማሽን ለመግዛት መቆጠብ እችላለሁ። የሰፈር ሴቶች ቀሚስ ማሳጠር እችላለሁ። ፍርሃቱ አልጠፋም። ግን ሌሊት የሚያንቀኝ ነገር መሆኑ ቀርቶ ቀን የሚያሠራኝ ሆነ።


ሲስተር ጦሳ፦

ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። እውነተኛ ሐሳብም ላይ ስሜት ይጨምርበታል። «ድርጅቱ ሰው እየቀነሰ ነው» የሆነ ነገር ነው። «የምቀነሰው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ኪራይ ያቅተኛል፤ ከዚያ ሰው ይስቅብኛል፤ አበቃልኝ» የሚለው ግን ፍርሃቱና እፍረቱ ተጋግዘው የቀጠሉት ነው። የሆነውን ከተቀጠለው ለዪ። ለሆነው ዕቅድ አውጪለት።

እናንተም ሥራ ላይ ያላችሁ ልብ በሉልኝ። ስሜትን ማወቅ ማለት በደልን ችሎ መኖር ማለት አይደለም። ንዴት ብዙ ጊዜ «ይሄ ልክ አይደለም» የሚል መልእክት ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። በሰው ፊት የሚሰደብ ሠራተኛ ተንፍሶ፣ ስሜቱን ሰይሞ ዝም እንዲል አልመክርም። ተረጋግቶ፣ ቃሉን መርጦ «በሰው ፊት አትናገረኝ፤ ስህተት ካለብኝ ለብቻዬ ንገረኝ» እንዲል ነው የምፈልገው። ስሜቱን የለየ ሰው ይህን ሳይጮህ መናገር ይችላል።


ማለዳ ተጓዥ፦

ይቺን ዓረፍተ ነገር ወስጃታለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲቸኩል ነው እንዲያ የሚናገረው። ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሳገኘው እነግረዋለሁ። ስለ ቅነሳውም እዚያው በቀጥታ እጠይቀዋለሁ። መልሱ ምንም ይሁን፣ ሚኒባስ ውስጥ ከምገምት ይሻለኛል።


ፒያሳ ደሴ፦

ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ቆየሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ከቤተሰቤ ጋር በእግር ወጥተን ነበር። ተመልሰናል፣ ቤታችን ቆሟል፣ እኔም ሥራ ላይ ነኝ። ግን የሆነ ነገር ድም ሲል፣ የብረት በር እንኳ በኃይል ሲዘጋ፣ ከእኔ ቀድሞ ሰውነቴ ይነሳል። ከዚያ «ይመለሳል፣ ሁሉም ይደገማል» የሚለው ሐሳብ ቀኑን ይበላዋል። እናንተ እንዳላችሁት ስሜቱን ልሰይመው ስል ምስሉ ይመጣና ይብስብኛል። እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቷል። ቤት ውስጥ አልናገርም፤ እነሱም የራሳቸውን ችለው ነው ያሉት።


የአራዳው አባት፦

ልጄ፣ መጻፍህ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ያልተነካ ቤት የለም። እኔም በር ሲንኳኳ የምደነግጥበት ጊዜ አለ። ወንድ ነኝ ብለህ አትደብቀው። ቤትህም ውስጥ ንገራቸው፤ አንተ ዝም ስትል እነሱም ለአንተ ብለው ዝም ብለው ይሆናል።


ሲስተር ጦሳ፦

ወንድሜ፣ እስካሁን ለሌሎቹ ያልኩት ለአንተ እንዳለ አይሆንም፤ ስለዚህ ለብቻው ልጻፍልህ። ስሜቱን ስትጠራው ምስሉ የሚመጣ ከሆነ ብቻህን ወደዚያ አትግባ። ድንጋጤው ሲነሳ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ተመልከት። እግርህን መሬት ላይ አጥብቀህ ርገጥ። የምታየውን በስሙ ጥራ፤ የቤት ጣሪያ፣ ባጃጅ፣ የጦሳ ተራራ። የምትሰማውን ጥራ። ከዚያ «ድምፁ በር ነው። ያለሁት ፒያሳ ነው። ያ ጊዜ አልፏል፤ አሁን ሌላ ዓመት ነው» በል። ሰውነትህ ያን ጊዜ ቤተሰብህን ለማትረፍ የተማረውን ነው አሁንም የሚሠራው። አብደህ አይደለም።

ግን ይሄ ለጊዜው ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ከቆየ፣ ቀንህን ከበላ፣ ሕክምና አለው፤ ሰውም ይድናል። እዚሁ እኔ የምሠራበት ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ሌሎቻችሁም አንብቡት። መከፋቱ ወይም ምንም ነገር ደስ አለማሰኘቱ ሳያቋርጥ 2 ሳምንት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራ መሥራት ካቃተ፣ ራሳችሁን ለመርዳት ብቻችሁን አትታገሉ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ። የዚያኑ ዕለት ለአንድ ሰው ንገሩና ሆስፒታል ሂዱ። እንዲህ የሚል ሰው ቤታችሁ ካለም ብቻውን አትተዉት።


ፒያሳ ደሴ፦

ሲስተር፣ አመሰግናለሁ። የሚያስፈራኝ ግን መምጣቱ ነው። እብድ ተብዬ ካርዴ ላይ ይጻፋል፣ ሰው ያየኛል ብዬ ነው። ስመጣ ምንድን ነው የምትጠይቁኝ?


ሲስተር ጦሳ፦

ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ይዘገያል። የምትነግረን ነገር ሚስጥር ነው። ሰው ቢያይህም ሪፈራል ሰው የሚመጣው ለብዙ ነገር ነው።

የምንጠይቅህ ይሄን ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ቅዠት አለ? ምን ሲሆን ይነሳብሃል? ምግብ ትበላለህ? ትቅማለህ፣ ትጠጣለህ? መሞት ያሰኝሃል? የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ? በቃልህ የምትረሳ ከመሰለህ ወረቀት ላይ ጽፈህ አምጣው፤ እኛም ደስ ይለናል። ያየኸውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እንድትተርክ አትገደድም። «ስለዚያ ገና አልናገርም» ማለት ትችላለህ።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያህ ሄደህ ሪፈር አጽፍ፤ ያለዚያ ከኪስህ ትከፍላለህ። መታወቂያህን ያዝ። ከቻልክ ደግሞ ቤት ውስጥ የምታምነውን አንድ ሰው ይዘህ ና፤ ሌሊት እንዴት እንደምታድር አንተ የማታውቀውን እሱ ይነግረናል።